ቅርብ ቦታ መሸነፍ

ስልኬ «6 ለ 1፣ 6 ለ 2» ይላል። ማክሰኞ ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ። እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። የምከታተላት ቴኒስ ተጫዋች ልጅ ደግሞ ቱኒዚያ ናት። ሞናስቲር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ የሆቴል ግቢ ውስጥ ካለ የቴኒስ ሜዳ ላይ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተሸንፋ ወጣች።

ስሟን አልጽፈውም። ገና ልጅ ናት። ሽንፈቷን በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ቋንቋ ማውራት ደግ አይመስለኝም። ሦስት ወር ያህል ተከታትያታለሁ። የዓለም ደረጃዋ ከ1,000ኛ በኋላ ነው። ማጣሪያውን ታልፋለች፣ ዋናው ድልድል ውስጥ ትገባለች፣ የመጀመሪያው ዙር ላይ ትወድቃለች። በሳምንቱ እንደገና።

የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበረች። 12 ዓመቷ ነው። አንገቷን አስግጋ ስልኩን አየች።

«ተሸነፈች?»

«ተሸነፈች።»

«አሁን ወዴት ትሄዳለች?»

«የትም አትሄድም። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ሌላ ውድድር አለ። እዚያው ትቆያለች።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ታድላ!» አለች።

ምስሩን ትቼ አየኋት። እየቀለደች አልነበረም። ሦስት ጌም ብቻ አግኝታ የተሸነፈችን ልጅ ከልቧ ቀንታባታለች። ያ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

ስለ ሜዳ ቴኒስ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዊምብልደንን ነው። ነጭ ልብስ፣ አረንጓዴ ሣር፣ የሚያጨበጭብ ሕዝብ። እኔ የምከታተለው ያንን አይደለም። ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የሚያካሂዳቸው ትንንሽ የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድሮች አሉ። ደረጃቸው በቁጥር ነው የሚጠራው፦ 15፣ 35፣ 50፣ 75፣ 100። ቁጥሩ አሸናፊዋ የምታገኘው ነጥብ ነው። የ15ቱን ውድድር ያሸነፈች ልጅ 15 ነጥብ ታገኛለች። ዊምብልደንን ያሸነፈች 2,000። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ሳስበው ከኮምቦልቻ ቆሜ የጦሳን ተራራ ቀና ብዬ የማየው ይመስለኛል።

የ15ቱ ውድድር ጠቅላላ ሽልማት 15,000 ዶላር ነው። ይህ ብር ለአንዲት ልጅ አይደለም፣ ለሁሉም ይከፋፈላል። አሸናፊዋ ከ2,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ይደርሳታል። የመጀመሪያው ዙር ላይ የወደቀችው 200 ዶላር እንኳ አትሞላም። ከዚያ ላይ የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉ፣ የምግቡ፣ የራኬት ክሩ ይነሣል። ፌዴሬሽኑ የ2013ን (እ.ኤ.አ.) ገቢና ወጪ ሲያሰላ፣ አንዲት ሴት ተጫዋች ወጪዋን ለመቻል ብቻ ከዓለም 253ኛ አካባቢ መሆን ነበረባት። ያውም የአሠልጣኝ ደሞዝ ሳይታሰብ ነው። እኔ የምከታተላት ልጅ ከ1,000ኛ በኋላ ናት። ሞናስቲር ላይ የምታድረው ቤተሰቧ በላከላት ብር ነው ማለት ነው።

በዋናው ድልድል 32 ተጫዋቾች ይገባሉ። ዋንጫውን ለማንሳት 5 ጊዜ ማሸነፍ ይጠይቃል። ከማጣሪያ ለመጣችው ከዚያም ይበዛል። ከ14 ዓመት በታች የሆነች ልጅ መጫወት አትችልም፣ ሕጉ አይፈቅድም። ሜዳው ዳር ብዙ ጊዜ ኳስ የሚለቅም ልጅ የለም፣ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ያነሳሉ። ተመልካቹ የሌላዋ ተጫዋች አሠልጣኝ ነው፣ ወይ ቀጥሎ የምትጫወት ልጅ፣ ወይ አንዲት እናት። ማታ ደግሞ ያሸነፈችውም የተሸነፈችውም አንድ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ሳህን ይዘው ይሰለፋሉ።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከ32ቱ 31ዱ ተሸንፈው ነው የሚወጡት። በየሳምንቱ፣ በየከተማው። ቱርክ አንታሊያ፣ ግብፅ ሻርም አል ሼክ፣ ቱኒዚያ ሞናስቲር። በእነዚህ ከተሞች ውድድሩ አልቆ ሌላው ይቀጥላል። ከአውሮፓም ከእስያም ልጆች መጥተው ሦስት አራት ሳምንት ተቀምጠው ይጫወታሉ። ሰኞ የወደቀች በሚቀጥለው ሰኞ ትነሣለች።

እዚህ ላይ የራሴን ላውራ።

እኔ የስፖርት መምህርት ነኝ። በልጅነቴ የጠረጴዛ ቴኒስ እጫወት ነበር። እጄ ፈጣን ነው ይሉኝ ነበር፣ እኔም አምን ነበር። ደሴ ውስጥ የሚያሸንፈኝ እስኪጠፋ ድረስ ተጫወትኩ። ከከተማ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደርኩት 19 ዓመቴ ላይ ነው፣ ባሕር ዳር። በአውቶቡስ ሄድን፣ መንገዱ አድካሚ ነበር። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ፣ ለመንገድ ብላ ብር ተበድራ ሰጥታኛለች። ጠዋት ተጫወትኩ። ተሸነፍኩ። ያሸነፈችኝ ልጅ ኳሱን የምታሽከረክርበት መንገድ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ገባኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ ብገጥማት እመልስላት ነበር። መድገም ግን የለም። ጥሎ ማለፍ ነው። ከቀናት በኋላ ደሴ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ አልተወዳደርኩም። ማንም አልከለከለኝም። እናቴ ሁለተኛ ጊዜ ተበድራ እንድትልከኝ መጠየቅ ግን አልቻልኩም። ሽንፈቱ ራሱ ቀላል ነበር። የከበደኝ ለአንዲት ሽንፈት የተከፈለው ዋጋ ነው። ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ አይደለም። የእህቴ ልጅ «ታድላ» ስትል ነው።

የእህቴን ልጅ ቴኒስ ያስጀመራት ጅዳ የምትሠራ የአጎቴ ልጅ ናት። ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ራኬትና አንድ ቆርቆሮ ኳስ ይዛ መጣች። የምትሠራበት ቤት ልጆች ትተውት ነው። ወሎ ውስጥ ከዐረብ አገር የሚመጣ ሻንጣ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል። ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ ወተት ዱቄት። ራኬት ግን ሲመጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ራኬቱን ይዛ የጎረቤታችንን ግድግዳ ትደበድብ ጀመር። ጎረቤታችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። «ኧረ ልጄ፣ ቤቴን ልታፈርሺው ነው እንዴ?» ይላሉ። ከዚያ ደግሞ አጥራቸው ውስጥ የገባውን ኳስ ራሳቸው ይዘውላት ይወጣሉ። ቡና ላይ ስንቀመጥ አንድ ቀን «የቴኒስ ነጥብ ለምንድን ነው 15፣ 30 ብሎ 40 የሚለው? 45 የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ 45 ነው ብለው ነው የሚቆጥሩላት። እሷም አታርማቸውም።

ደሴ ለቴኒስ ያስቸግራል። ከተማው ተዳፋት ነው። ያመለጠ ኳስ አይቆምም፣ ይንከባለላል፣ ቦይ ይገባል፣ ታች ሰፈር ይወርዳል። ለጥ ያለ መሬት ሲገኝ ደግሞ ወይ ቤት ነው ወይ ገበያ ነው ወይ እግር ኳስ ነው። ሆጤ ሜዳ አለ፣ ግን ሆጤ የሁሉም ነው፣ ማን ይለቅልሻል?

ሌላም ችግር አለ፣ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኳሱ ይበራል። ልጅቷ በስሱ የመታችው ሁሉ ከመስመር ይወጣል። ጉልበቷ መስሎኝ «ቀስ በይ» እላታለሁ። ጥፋቱ የጉልበቷ ብቻ አልነበረም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ኳሱን አያግደውም፣ ስለዚህ ሩቅ ይሄዳል። ኳሱ ውስጥ የታመቀው አየርም የውጪው ግፊት ስለሚያንስ ይወጥረዋል፣ ሲነጥር ይዘላል። ለዚህ ሲባል የቴኒስ ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ እንዳለ ይጠቅሳል። ደሴ የዚያን እጥፍ ናት። ከጅዳ የመጣው ኳስ የባሕር ጠረፍ ኳስ ነው፣ እዚህ ሲመጣ ያብዳል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አንድ ነገር ደስ አለኝ። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ወደ 2,600 ሜትር ናት፣ ከደሴም ትበልጣለች። እዚያ ግን ትልቅ የሴቶች ውድድር ሲካሄድ ኖሯል። ከፍታ ሰበብ አይሆንም ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ይለያል። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ከፍታዋ ግን ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። ሐረጎን ጥምዝምዝ ብለሽ ስትወርጂ ጆሮሽ ይደፈናል፣ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ። ቦርከና ወንዝ ዳር ስትደርሺ ሜዳው ለጥ ብሎ ይጠብቅሻል። አንድ ጓደኛዬ እዚያ ታስተምራለች። የትምህርት ቤታቸው ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ የፈሰሰበት የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ነው። ልጅቷን ይዤ በሚኒባስ መውረድ ጀመርኩ።

ሜዳውን የሠራነው በሜትርና በኖራ ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው። የቴኒስ ሜዳ ርዝመቱ 23.77፣ ለአንድ ለአንድ ሲሆን ወርዱ 8.23። ስለዚህ ውስጡ ይገባል። ችግሩ ከኋላ መስመር ጀርባ ያለው ቦታ ነው። ሁለት ሜትር ትንሽ ፈቅ ቢል ነው፣ ከዚያ የቅርጫቱ ምሰሶ አለ። ጠንካራ ሰርቭ (የመክፈቻ ምት) ሲመጣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ የለም። ልጆቹ በግድ ወደ ፊት ገብተው፣ ኳሱ ሳይወርድ መምታት ተማሩ። እኔ አላስተማርኳቸውም፣ ምሰሶው ነው ያስተማራቸው።

መረቡ ከእኛ ትምህርት ቤት ነው የመጣው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ሲያልፍ ብዙ ነገር አልተረፈም። ተመልሰን የዕቃ ክፍሉን ስንከፍት ኳስ የለም፣ ፍራሽ የለም፣ ፊሽካ እንኳ የለም። የመረብ ኳሱ መረብ ግን ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ነበር። ቁመቱ አንድ ሜትር ነው። መሬት አስነክተሽ ስትወጥሪው ለቴኒስ ትንሽ ነው የሚተርፈው፣ መሐሉ 91.4 ሳንቲ ሜትር መሆን ስላለበት መሐሉን በገመድ ወደ ታች ሳብነው። ደስ ብሎን የመጀመሪያውን ኳስ መታን። ኳሱ በመረቡ መሐል ሾልኮ አለፈ! የመረብ ኳስ መረብ ቀዳዳው 10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የቴኒስ ኳስ 7 እንኳ አይሞላም። ጓደኛዬ ማዳበሪያ ጆንያ ቀድዳ ሙሉውን ሰፋችው። አሁን ኳሱ ሲመታው «ዷ» ይላል፣ ከሩቅ ይሰማል።

የራኬቱ ክር ሲበጠስ ደግሞ ፒያሳ ካለ ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። አገላብጦ አየው፣ አልሳቀም። «ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ሰምቼ ገረመኝ፣ ምክንያቱም የራኬት ክር ውጥረት የሚለካው በእርግጥም በኪሎ ነው። ጥሩ ባለሙያ ያልሠራውንም ሥራ ይረዳዋል። በናይለን ክር ወጥሮ መለሰልኝ። ክሩ ቢለሰልስም ይሠራል።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ከሰፈራችን በታች ካለች ቤቲንግ ቤት በር ላይ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁት።

«ቲቸር! እርስዎም ቴኒስ ያያሉ እንዴ?» አለኝ። ስልኬ ተከፍቶ ነበር። ናይሮቢ ላይ የሚካሄድ የ35 ውድድር እየተከታተልኩ ነው።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ይቺን ልጅ እኔም ይዣታለሁ» አለኝ፣ ወረቀቱን እያሳየኝ።

ስሟን አሳምሮ ጠራው። ሰርቯ ደካማ መሆኑን ያውቃል፣ ጨዋታው ሲረዝም እንደምትደክም ያውቃል። ደሴ ውስጥ ስለዚህ ነገር የማወራው ሰው በማግኘቴ ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታው ሄደ። ልጅቷ ተሸነፈች። እሱ ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለና በስልኩ የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረ።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ለራሷ ነው። ኢንስታግራሟ ላይ።»

ሁለት ቃል አነበብኩ። እዚህ አልደግመውም። ስልኩን ከእጁ ወሰድኩት፣ እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ እንዳለን። አልተቆጣኝም። «እሷ እኮ አታነበውም፣ ቲቸር» አለኝ። ታነበዋለች። የሴቶች ቴኒስ ማኅበርና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሪፖርት 458 ተጫዋቾች ላይ ያነጣጠሩ 8,000 ያህል የስድብና የማስፈራሪያ መልእክቶች ተገኝተዋል። ከ10ሩ 4ቱ የተናደዱ አስያዦች የጻፏቸው ናቸው። ናይሮቢ ላይ ያለች ልጅ ብቻዋን ሜዳ ትገባለች፣ ብቻዋን ትሸነፋለች። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትከፍት ከማታውቀው ከተማ ስድብ ይጠብቃታል።

ለዚያ ልጅ ብዙ አልተናገርኩትም። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሥራ የለውም። ያለኝን ብቻ ነገርኩት። «ልጅቷ እኮ 18 ዓመቷ ነው። ያንተ ታናሽ ናት» አልኩት። የጻፈውን ሰረዘው። ስልኩን መለስኩለት።

አንድ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ይከነክነኛል። እንዲህ ያሉ ውድድሮች ከሜዳቸው ርቆ ስማቸው የሚነሣው ብዙ ጊዜ በገንዘብ ነው። ልጅቷን ወድዶ የሚያይ ጥቂት ነው። እኔ ከጥቂቶቹ መሆን እፈልጋለሁ። ያለ ምንም ወረቀት።

ደግሞም የምናየው ነገር ትንሽ አይደለም። ፖላንዳዊቷ ኢጋ ሽቪዮንቴክ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ዋንጫዋን ያነሳችው በ2016 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስቶክሆልም ላይ፣ በ15 ዓመቷ፣ በ10,000 ዶላር ውድድር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የፈረንሳዩን ትልቅ ውድድር፣ ሮላን ጋሮስን፣ አሸነፈች። ፊሊፒናዊቷ አሌክሳንድራ ኢያላ በ2021 መጀመሪያ፣ እሷም በ15 ዓመቷ፣ ስፔን ማናኮር ላይ የ15ቱን ውድድር አሸነፈች። በ2025 ማያሚ ላይ ከሽቪዮንቴክ ጋር ተገናኙና ኢያላ አሸነፈቻት። ያን ጨዋታ ዓለም አየው። ስቶክሆልምንና ማናኮርን ያየው ስንት ሰው ነው?

ግን እውነቱን ለመናገር ልቤ ያለው እነሱ ጋ አይደለም። ቱኒዚያ ጋ ነው። ቱኒዚያዊቷ ቴኒስ ተጫዋች ኦንስ ጃበር የተወለደችው ሞናስቲር ግዛት ውስጥ፣ ክሳር ሄላል በምትባል ከተማ ነው። ያደገችው ሱስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። እናቷ በ3 ዓመቷ ራኬት አስያዘቻት። ልጅ ሳለች የራሷ ክለብ ሜዳ ስላልነበረው የሆቴሎች ሜዳ ላይ ነበር የምትለማመደው። ለቱሪስት የተሠራ ሜዳ። በ2022 የዓለም 2ኛ ሆነች። በዚያው ዓመት የዊምብልደንና የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ደረሰች። ከዚያ በፊት በዘመናዊው ቴኒስ እዚያ የደረሰች አፍሪካዊት ሴት አልነበረችም፣ ዐረብም አልነበረችም። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ያው ሞናስቲር፣ በየሳምንቱ የ15ቱ ውድድር የሚካሄድበት፣ የሴቶች ማኅበር ራሱ የሚያዘጋጀውን ከፍ ያለ ውድድር አስተናገደ።

ጃበር የደረሰችባቸውን ሦስቱንም የግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች) ፍጻሜዎች ተሸንፋለች። ከ2023ቱ የዊምብልደን ፍጻሜ በኋላ የሁለተኛነት ሳህኑን ይዛ ሜዳው ላይ አለቀሰች። እኔም ደሴ ሆኜ አለቀስኩ። እህቴ ሻይ ይዛ ስትገባ «ማን ሞተ?» ብላ ደነገጠች።

ከእኛ የሚቀርበው ደግሞ ኬንያ ነው። አንጄላ ኦኩቶዪ ናይሮቢ ላይ ከመንትያ እህቷ ጋር በአያቷ እጅ ያደገች ልጅ ናት። በ2022 ከሆላንዳዊቷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ሆና የዊምብልደንን የታዳጊ ሴቶች ጥንድ አሸነፈች። ለኬንያ የመጀመሪያው የግራንድ ስላም ዋንጫ ነው። በ2024 አክራ ላይ በአፍሪካ ጨዋታዎች ወርቅ ወሰደች። ከትንሿ ቡሩንዲም ሳዳ ናሂማና አለች። በእነዚህ ውድድሮች ዓመታት ስትለፋ የኖረች ናት። ናይሮቢ በቅርብ ዓመታት የ25 (የድሮ ደረጃ ነው) እና የ35 ውድድሮችን አስተናግዳለች። አንዲት የናይሮቢ ልጅ ከቤቷ ቁርሷን በልታ፣ በታክሲ ሄዳ፣ ፕሮፌሽናል ውድድር ላይ ተሸንፋ፣ ማታ እናቷ ቤት መግባት ትችላለች። ስትነቃ ራኬቷ አልጋዋ ሥር ነው። አሠልጣኟ ሠፈሯ ነው።

እኔ ይህን ነው የምመኘው። ደሴ ነገ ዊምብልደንን የምታሸንፍ ልጅ ታውጣ አልልም። ልጆቻችን ቅርብ ቦታ የሚሸነፉበት ነገር ይኑራቸው ነው የምለው። ባሕር ዳር ድረስ ለአንዲት ጠዋት ሳይሄዱ። እናት ሳትበደር።

ባለፈው የካቲት ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ሞከርነው። ስድስት ሴት ልጆች፣ ሦስት ከደሴ፣ ሦስት ከኮምቦልቻ። አራት ራኬት ብቻ ስላለን ተቀባበሉ። ጥሎ ማለፍ አላደረግነውም፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጫወት አልን። 4 ጌም ቀድማ የደረሰች አሸናፊ። ዳኛዋ ጓደኛዬ ወንበር ላይ ወንበር ደርባ ተቀመጠች። የግቢው ዘበኛ ጋሼ መጥተው መረቡ ጎን ቆሙና አንድም ሳይናገሩ ኳስ ሲለቅሙ ዋሉ።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ጨዋታዋን 4 ለ 0 ተሸነፈች። ያሸነፈቻት የኮምቦልቻ ልጅ ነች፣ ቀጭን፣ ግራኝ፣ እናቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ። የግራኝ ሰርቭ አይታ አታውቅም ነበር። ኳሱ ወደ ውጭ ይሸሽባታል። በእያንዳንዱ ኳስ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ባሕር ዳር ላይ የእኔ ነበር።

ጨርሳ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ውሃ ሰጠኋት። ምን እንደምላት አላወቅሁም።

«አክስቴ፣ ኳሱ ለምንድን ነው ወደዚያ የሚሄደው?»

«ግራኝ ስለሆነች ነው። እጇ በሌላ በኩል ይዞራል።»

«እና የት ልቁም?»

ሜዳው ላይ ወጣን፣ የት እንደምትቆም በኖራ ምልክት አደረግሁላት። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ጓደኛዬ ሁለተኛ ዙር እናድርግ አለች፣ ልጆቹ መሄድ አልፈለጉም ነበር። ከግራኟ ጋር እንደገና ተገናኙ። አሁንም ተሸነፈች፣ 4 ለ 2። ሁለቱን ጌም ያገኘችው በራሷ ሰርቭ ሳይሆን በግራኟ ሰርቭ ላይ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ኖራው ላይ ቆማ ነበር።

መጨረሻ ላይ ግራኟ መረቡን ዞራ መጣችና እጇን ጨበጠቻት። «ቅዳሜ ትመጫለሽ?» አለቻት። የእህቴ ልጅ እኔን አየች።

ማታ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ጉም ወርዶ ነበር። ረዳቱ ራኬቱን አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ። ነገረችው። ለትንኝ የሚሆን መስሎት ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። መስኮቱ ላይ በጣቷ የሜዳ ቅርጽ ሠራች፣ በእንፋሎቱ ላይ። መረቡን ሠራች። ከዚያ አንድ ነጥብ አደረገች፣ ግራ ጥግ ላይ። ትንሽ አሰበችና አጠፋችው። ከዚያ ይበልጥ ወደ ግራ አደረገችው።